የመኪናችን የኋላ እግር ምን እያለ ነው?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ወርሃዊ መዋጮ፣ ስለ ውሃ መውረጃ ቦይና ስለ ድንኳን አመላለስ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሃይሳችን እንጽፋለን፤ ምክንያቱም ባለፉት ሳምንታት በየደጃፉ ሌላ ወሬ የለም። አንዱ «አርጅታለች ትሸጥ» ይላል፤ ሌላው «ኩሽኔታ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ሾፌሩ ነው የሰበራት» እያለ የሰው ስም ያነሳል። ይህች መኪና ድንኳንና ወንበር ብቻ የምታመላልስ አይደለችም። ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት፣ ወደ አዲስ አበባ ሂድ የተባለን በሽተኛ፣ የሞተ ወገናችንን ከነለቀስተኛው የምትሸከም ናት። የኋላ እግሯ መንገድ ላይ ቢከዳን የሚጠፋው መዋጯችን ብቻ አይደለም።

ስለሆነም የጽሕፈት ቤታችን አቋም ይህ ነው፦ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ በፈተና ሳይታወቅ ለመለዋወጫ አንዲት ሳንቲም አትወጣም።

ይህንን የምንለው ከመሬት ተነስተን አይደለም። መጀመሪያ ከኋላ «ው...ው» የሚል ጉርምርምታ ሲሰማ መኪናዋ ወደ አንድ ጋራዥ ተወሰደች። እዚያም ምንም ሳይፈተሽ የግራው ኩሽኔታ ተቀየረ፤ ገንዘቡም ተከፈለ። በማግስቱ ጊንጪ ሳትደርስ ድምፁ እንደነበረው ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ «እንግዲያው የቀኙ ይቀየር» ተባለ። በዚህ ጊዜ አባላት ተቃወሙ፤ ደግ አደረጉ። ከአባሎቻችን አንዱ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፣ «የኋላውን ጎማ ወደ ፊት፣ የፊቱን ወደ ኋላ አዛውራችሁ ንዱና ስሙ» አሉ። ተዛወረ። ድምፁም አብሮ ወደ ፊት መጣ! ኩሽኔታ ከጎማ ጋር አይዛወርም። ጎማው በእጅ ሲዳሰስ ዙሪያውን ጎድጎድ ጎድጎድ ብሎ ተበልቷል። ጎማ እንዲህ የሚበላበት አንዱ ዋና ምክንያት አሞርዛተር ሲሞት ነው፤ ጎማው መንገዱን ይዞ መሄዱን ትቶ እየዘለለ ያርፋልና። አሞርዛተሩም ሲታይ እውነትም ዘይቱን አፍስሶ፣ በላዩ አቧራ ለብሶ ቁጭ ብሏል። ጎማ ብቻ ቀይረን ዝም ብንል ኖሮ አዲሱንም ይበላው ነበር።

«ለምን አትሸጥና አዲስ አንገዛም?» ለምትሉ፣ ነገሩ እንደ አፍ አይቀልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። አሮጌ ሃይስ ዛሬም በየመናኸሪያው የሚሠራው ባለቤቱ ስለወደደው ብቻ አይደለም። እንግዲህ ያለችንን ማወቅ ይሻላል።

የኋላዋ አሠራር አስቸጋሪ አይደለም። ክብደቱን የተሸከመው ባሌስትራ ነው፤ ዝላዩን የሚያበርደው አሞርዛተር ነው፤ መሃል ላይ ዲፍረንሻል አለ፤ በየጎማው ውስጥ ኩሽኔታና የፍሬን ታምቡር አለ። እያንዳንዱ ሲጎዳ የየራሱ አነጋገር አለው።

ጉርምርምታውን እናስቀድም፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በእሱ ነው። ድምፁ ፍጥነት ሲጨምር እየጨመረ ከሄደ ሦስት ተጠርጣሪ አለ። ከአስፋልት ወደ ሌላ ዓይነት መንገድ ሲገባ ጠባዩ ከተለወጠ ጎማ ይጠረጠራል። ነዳጅ ሲሰጥ ጮሆ ሲለቀቅ ዝም የሚል፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ ከሆነ ወደ ዲፍረንሻል ይታያል። ጠምዘዝ ባለ መንገድ ላይ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ኩሽኔታ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ጎማ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ጩኸቱ ከባሰ የግራው ይፈተሽ። ወደ ግራ ሲታጠፍ ከባሰ የቀኙ። ፈተናውም ሜዳ ላይ ነው የሚደረገው፤ የፊት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዳሉ፣ ኋላዋ በክሪክ ይነሳል፣ ከሥርም ጠንካራ ድጋፍ ይደረጋል። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ፤ ይህ ልመና ሳይሆን ክልከላ ነው። ከዚያ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ፣ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል። ከተወዛወዘ ወይም በእጅ ሲሽከረከር የአሸዋ ድምፅ ከሰጠ ነገሩ ታወቀ። በጎማው ውስጠኛ ጎን የዘይት ወዝ ከታየ ደግሞ የዲፍረንሻሉ ዘይት አልፎ ወደ ፍሬኑ እየገባ ነው፤ ይህ ለነገ አይባልም። ኩሽኔታ መቀየር ካስፈለገም በፕሬስ ይግባ። በመዶሻ እየተቀጠቀጠ የገባ አዲስ ኩሽኔታ ከአሮጌው አይሻልም።

ጉድጓድ ላይ «ቋ» የሚለው ሌላ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ የአሞርዛተር ወይም የባሌስትራ ጎሚኒ ማለቅ ነው፤ ጎሚኒ ደግሞ ከሌላው ዕቃ ሲነጻጸር ርካሽ ነው። መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች ግን የባሌስትራው ቅጠል ተሰብሮ እንደሆነ አንድ በአንድ ይታይ። «ሲጥ ሲጥ» ለሚለው አንዳንድ ሰው የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ዘይቱ ጎሚኒውን ይበላዋል፤ አቧራም ይሰበስባል። አይቀባ። ስትነሳና ማርሽ ሲቀየር ብቻ «ቋ» የምትል ከሆነ ክሮቸራውን እዩ፤ ባሌስትራውን በከንቱ አትፍቱ።

ፍሬን ሲያዝ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ከተሰማ የፍሬን ሸራው አልቋል ማለት ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ ወንጪ ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከወንጪ ሰው ጭኖ ሲወረድ ያ ሁሉ ቁልቁለት የሚያዘው በፍሬን ብቻ ከሆነ ታምቡሩ ይግላል፣ ፍሬኑም ይለግማል። በከባድ ማርሽ ይወረድ። ለዚህ መካኒክ መጥራት አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ አንድ ድምፅ አለ፤ ከጎማው መዞር ጋር እኩል «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል። ጎማው ጥርስ ውስጥ የገባ ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ እሰየው። የላላ የጎማ ብሎንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ከተማ ስንገባ እናየዋለን» አይባልም፤ እዚያው ይቆማል፣ ይታያል። ከብሎኑ ሥር ዝገት በቸርኬው ላይ ፈሶ ከታየ ብሎኑ ላልቶ ሲጫወት እንደነበረ ምልክት ነው። ሲጠበቅም ተራ በተራ በዙሪያው ሳይሆን በመስቀል ነው። ጎማ በተፈታ ቁጥር 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተኬደ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት። ከአምቦ የወጣ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ቡናውን ከማዘዙ በፊት ማለት ነው።

አንድ ነገር ለሾፌሮቻችንና ለተሳፋሪው ሁሉ። የኋላውን ድምፅ ቀድሞ የሚሰማው መሪ የያዘው ሳይሆን የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ሙዚቃው እስከ ጣሪያ ተከፍቶ ማን ምን ይሰማል? ደግሞም ለቀብር ሲኬድ ሰው በሰው ላይ፣ በዚያ ላይ የድንኳን ብረት እየተጫነ ነው ባሌስትራው የሚያልቀው። ሐዘንተኛን ውረድ ማለት ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም ብረቱ ለብቻው በሁለተኛ ምልልስ እንዲሄድ የሥራ አስፈጻሚው ወስኗል።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ድምፅ የሰማ አባል የሰማበትን ቦታ፣ ፍጥነቱንና ጭነቱን፣ ፍሬን ሲያዝ ወይም ሲታጠፍ መሆኑን በደብተር ይጽፋል። መጻፍ የማይችል ለረዳቱ ይንገርና ይጻፍለት። መካኒኩ መጀመሪያ ደብተሩን ያነባል፤ ከዚያ ነው ቁልፍ የሚያነሳው። ደብተሩ ከሾፌሩ በር ኪስ ውስጥ ተቀምጧል። አብሮት የነበረውን እስክሪብቶ የወሰደ ሰው ግን እባክዎ ይመልሱ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት