አንዱ ግብር ይከፍላል፣ ሌላው ግብር ያበላል

ቋንቋችን አንድ ጉድ ይዟል። «ግብር» የሚለው ቃል ለሁለት ጌታ ያድራል። ገበሬው ከጎተራው አውጥቶ የሚያስረክበው ግብር ይባላል፤ ጌታው በአዳራሹ ጠጅ አስጥሎ የሚያበላውም ግብር ይባላል። እህሉም ማሩም የወጣው ከዚያው ከገበሬው ጓዳ ነው፤ ምርቃቱ ግን የሚዘንበው ለጋባዡ ነው። እኛ በሶዶ የምንማር ተማሪዎች የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያ አዳራሽ በእርግጥ ፈርሷል ወይ?

ወላይታ ይህን ታሪክ ከማንም ባላነሰ ታውቀዋለች። ንጉሥ ጦና በ1887 ዓ.ም. ከተሸነፉ በኋላ የአገሩ ገበሬ ለሹሙና ለወታደሩ በየማዕረጉ ተደለደለ፤ ገባር ሆነ። እህሉንም ጉልበቱንም ሰጠ። ጉልተኛው በመንግሥት ስም ግብር ሰበሰበ፣ ከሰበሰበውም ለራሱ አስቀረ። ጉልት በአዋጅ የቀረው በ1958 ዓ.ም. ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፓርላማ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ! በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል የሚሆን ሰው በተመረጠበት ክልል ባለንብረት እንዲሆን ያዝዝ ነበር። የሕግ መወሰኛውን አባላት ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከመሳፍንቱና ከመኳንንቱ ይሾሙ ነበር። እንግዲህ ስለ ጭሰኛው የሚመክረው ማን ነበር? ባለመሬቱ! በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ እዚያው ፓርላማ ደጃፍ ድረስ ሄዱ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ እስከ 1960 ዓ.ም. ቆየ፤ የጭሰኝነት ረቂቅ ሕግ ግን 1966 ዓ.ም. ደርሶ አብዮቱ ሲፈነዳም አልጸደቀም። ሰው በራሱ ኪስ ላይ እጁን አያነሳማ!

«እሱ የድሮ ነው፤ በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኗል» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው። ጉልተኛውም ጭሰኛውም ቀርተዋል። ልማዱስ? ዛሬ የመምህሩ ግብር ደመወዙ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ በወር እስከ 2,000 ብር የሚከፈለውን ሠራተኛ ነፃ ሲያደርግ፣ ከ14,000 ብር በላይ ካለው ደመወዝ 35 በመቶ ይወስዳል። እኛም ገና ሥራ ሳንይዝ የወጪ መጋራት ውል ፈርመናል፤ ዕዳችን ቀድሞን ደመወዛችንን ይጠብቃል። ትልቁ ነጋዴም በሕጉ 35 በመቶ ድረስ ይከፍል ይሆናል፤ ነገር ግን ገቢውን የሚናገረው ራሱ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የደመወዝተኛው ገቢ ራቁቱን ይቆማል፣ የባለጠጋው ካባ ደርቦ ይቀርባል።

ይኸው ባለጠጋ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ምሽት ሲጠራ ግን ካባውን ያወልቃል። ስሙና ብሩ በማይክሮፎን ይጠራል፣ ያጨበጨባል። በፊተኛው ወንበር ሹሙና የምክር ቤቱ አባል ተቀምጠዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ለበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ወይም መንግሥት ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ሲያደርግ የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ እንዲቀነስ ፈቅዷል። ለፓርቲ የሚሰጥ ገንዘብ እዚያ ውስጥ አልተጻፈም። ግን ኧረ ለመሆኑ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የትኛው ብር ለልማት፣ የትኛው ለፓርቲ፣ የትኛው ለወንበር እንደተሰጠ ማን ለይቶ ያውቃል?

«እነሱ ባይሰጡ ትምህርት ቤቱን ማን ይሠራው ነበር?» ይሉናል። ግብር ይሠራው ነበር፤ መልሳችን ይህ ነው። ስጦታ ሰጪው ወደ ወደደው ይሄዳል፤ ግብር ሕግ ወዳዘዘው ይሄዳል። ስጦታ የተቀበለ ያመሰግናል፤ ግብር የከፈለ ይጠይቃል። ሰጪው ነገ ቦታ ሲጠይቅ፣ ጨረታ ሲገባ፣ ውለታው አብሮት ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የወላይታ መምህራን ደመወዛቸው ሳይከፈላቸው ቆይቶ ትምህርት እስከ መቋረጥ ሲደርስ፣ የጎደለው ጭብጨባ አልነበረም። የጎደለው ካዝና ውስጥ መኖር የነበረበት ገንዘብ ነው።

እኛ ባለጠጋ አይኑር አላልንም፤ አይስጥም አላልንም። የምንለው ግልጽ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ምዝገባ አዋጅ የተመዘገበው ሀብት ለሕዝብ ክፍት ይሁን ብሏል። እንግዲያውስ የእኛ ተመራጮች ሀብት እዚሁ ሶዶ፣ ቦዲቲና አረካ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይነበብ። የ2011ዱ የፓርቲዎች አዋጅ ምንጩ ያልታወቀ ስጦታ ይከልክላል፤ ስለዚህ የትልልቅ ሰጪዎች ስም ከነመጠኑ ይውጣ። ለምርጫ የሚቀርብ ሁሉ የከፈለውን ግብር ለመራጩ ያሳይ። ማይክሮፎን የሚይዝ ለጋስ ከስጦታው አስቀድሞ የግብር ደረሰኙን ያንብብ፤ እኛም ያን ጊዜ እናጨበጭባለን።

ጎደሬና ቦዬ ተሸክማ ገበያ የወጣች እናት የከፈለቻትን ሳንቲም ማንም በማይክሮፎን አልጠራላትም። የዚህች አገር ካዝና ግን በእሷና በመሰሎቿ ነው የቆመው። ግብር አብልተናል የሚሉት ሁሉ መጀመሪያ ግብር ይክፈሉ!