ስለ ባዶ ምስጋና

ሰው ለሰው ከሚሰጠው ስጦታ ሁሉ ዋጋው የረከሰ፣ ጕዳቱ ግን የከበደ፣ ያልታሰበበት ምስጋና ነው። ሰጪውን አያደክመውም፤ ኪሱንም አያጐድልበትም፤ ተቀባዩም በደስታ ይቀበለዋል። ስለዚህ ማንም ክፉ ነገር ነው ብሎ አይጠረጥረውም። እኔ ግን ዛሬ በሥዕል ምክንያት ልከሰው ተነሥቻለሁ። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ሥዕል የማትሥል ብትሆንም ነገሩ ከአንተ የራቀ አይደለም፤ ድርሰት ብትጽፍ፣ ክራር ብትመታ፣ ወንበር ብትጠርብ ይኸው ባዶ ምስጋና ደጅህ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃልና።

እኔ ሥዕልን ለእንጀራ የያዝሁ ሰው አይደለሁም። በሥራ ቀን ጽሕፈት ቤት ውለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ብሩሽ ከሚያነሡት ወገን ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ እኔ ያሉ ስድስት ጓደኞች አሉኝ፤ አስተማሪ አለ፣ የሒሳብ ሠራተኛ አለ፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛም አለች። ልማዳችን የሠራነውን ሥዕል ግድግዳ አስደግፈን «እስቲ እንዴት ነው?» ብለን መጠያየቅ ነው። በ2006 ዓ.ም. እናቴን ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ቡና ስትቀዳ በዘይት ቀለም ሣልኋት። ፊቷ እንዲያበራ ብዬ በቀለሙ ላይ የተልባ ዘይት አበዛሁበት። በሳምንቱም ግንባሯ አላማረኝምና ሥሩ ሳይደርቅ በአኳራጅ የቀጠነ ቀለም ደረብሁበት። ሥዕሉን ለጓደኞቼ ባሳየሁ ጊዜ ሁሉም በአንድ አፍ «ድንቅ ነው! እጅህ ይባረክ!» አሉኝ። ቡና ጠጣን፤ ተሳሳቅን፤ ተለያየን።

እናቴ በ2009 ዓ.ም. ዐረፈች። በዚያው ሰሞን ሥዕሉን ከግድግዳ አውርጄ ወደ መስኮት አስጠግቼ ብመለከተው፣ ግንባሯና ጉንጯ ውሃው እንደ ደረቀበት የኩሬ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ሊያጽናናኝ የመጣው አንዱ ጓደኛዬ ይህን ባየ ጊዜ ራሱን ነቀነቀና «እኔስ ያን ዕለት ፈርቼ ነበር፤ ዘይቱ እንደ በዛ፣ ከላይ የደረብኸውም እንደ ቀጠነ አይቻለሁ፤ ነገር ግን የእናትህ ሥዕል ነውና እንዴት ብዬ ልናገር? ይሉኝታ ያዘኝ» አለኝ።

ይህን ቃል መዝነው። ያን ዕለት ቢነግረኝ ኖሮ ቀለሙ ገና ለጋ ነበር፤ በቢላዋ ፍቄ፣ በጨርቅ ጠርጌ እንደ ገና ለመጀመር እችል ነበር። እናቴም በሕይወት ነበረችና «አንድ ጊዜ ደግሞ ተቀመጪልኝ» ብላት እሺ ትለኝ ነበር። ጓደኛዬ ለአምስት ደቂቃ እንዳያስከፋኝ ብሎ ዕድሜ ልኬን የማየውን ስንጥቅ ተወልኝ።

የስንጥቁም ምክንያት ስውር አይደለም። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል እንጂ። ዘይት የበዛበት ቀለም ዘግይቶ ይደርቃል፤ ሲደርቅም ልል ነው። በአኳራጅ የቀጠነው ግን ቶሎ ይደርቃል፤ ደረቅና ተሰባሪም ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ ቀጭኑን ከታች፣ ዘይት የበዛበትን ከላይ ማድረግ ነው። ይህን የገለበጠ ሰው ለስላሳ መሬት ላይ የድንጋይ ቤት እንደ ሠራ ነው፤ የታችኛው ሲንቀሳቀስ የላይኛው ይሰነጠቃል። ይህን ለመናገር ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ ሥዕሉ የተሰነጠቀበት ጀማሪ ይበቃል።

ነገር ግን ፍርድ አላጓድልም። በ2005 ዓ.ም. ይኸው ጓደኛዬ «የፈረስህ እግሮች መሬቱን አልረገጡም» ቢለኝ «አንተ ደግሞ መቼ ሥለህ ታውቅና!» ብዬ ተቆጥቼ ሁለት ወር ከማኅበሩ ቀርቻለሁ። እንግዲህ ጓደኛዬ ዝምታን የተማረው ከእኔ ነው። እውነትን የሚቀጣ ሰው ቀጥሎ የሚሰማው ሐሰትን ብቻ ነው፤ ሲታለልም የሚከሰው ሌላ ሰው አያገኝም።

ይህ በሽታ የእኔና የጓደኛዬ ብቻ አይደለም። ብዙዎች ማኅበሮቻችን የምስጋና ዕቁብ ሆነዋል። ዛሬ እኔ ያንተን አመሰግናለሁ፤ በሚመጣው እሑድ አንተ የእኔን ታመሰግናለህ። ዕጣው ለሁሉም በየተራ ይደርሳል፤ ዳሩ ግን ማንም ካዋጣው በላይ አያገኝም። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ያው እጅ ያንኑ ስሕተት ይሥላል። ይህንንም ጨዋነት ብለን እንጠራዋለን። ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል ያሉት አባቶቻችን ግን ጨዋነትን እንዲህ አልተረጐሙትም።

«ጀማሪ ጀማሪን ምን ያስተምረዋል? ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዞ ገደል አይደለምን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ መልስ አለኝ። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ ስሕተቱን የሚያርም መምህር አለው። የእሑድ ሠዓሊ ግን መምህር የለውም፤ ትምህርት ቤቱ የባልንጀራው ዓይን ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1452 እስከ 1519 የኖረው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ሠዓሊ የማንንም ሰው አስተያየት ለመስማት ፈቃደኛ እንዲሆን መክሯል፤ ሰው ሠዓሊ ባይሆንም የሰውን መልክ ያውቃልና።

ስለ ታላቁ እስክንድር ሠዓሊ ስለ አፔሌስም የሚነገር ታሪክ አለ። ሥዕሉን ለአላፊ አግዳሚ አውጥቶ ከኋላው ተሸሽጎ ያዳምጥ ነበር። አንድ ጫማ ሰፊ የጫማው ማሰሪያ ጐደሎ ነው ቢል አፔሌስ አረመው። በማግሥቱ ጫማ ሰፊው ኰርቶ እግሩን መንቀፍ ሲጀምር ግን ሠዓሊው ብቅ ብሎ ከጫማው በላይ እንዳይወጣ ገሠጸው። ብዙ ሰዎች የሚያስታውሱት ተግሣጹን ብቻ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ቀን አስታውሳለሁ፤ ታላቁ ሠዓሊ የጫማ ሰፊውን ቃል ሰምቶ ብሩሹን አንሥቷልና።

እንግዲህ ባዶ ምስጋናን ስጠላ ስድብን የምወድ አይምሰልህ። በ1885 ቪንሰንት ቫን ጎህ የድንች በላተኞቹን ሥዕል በድንጋይ ላይ ሥሎ ያተመውን ቅጅ ለወዳጁ ለአንቶን ቫን ራፓርድ ላከለት። ራፓርድም የቡናው ማንቆርቆሪያ እንዳልተቀመጠ፣ በእጅም እንዳልተያዘ፣ የአንዱም ሰው ክንድ እንዳጠረ ጻፈለት። እስከዚህ ድረስ ያየውን ተናገረ። ዳሩ ግን በዚህ አላበቃም፤ እንዲህ እየሠራህ የታላላቆቹን ሠዓልያን ስም ለመጥራት እንዴት ትደፍራለህ በሚል ዘለፋ ሰውየውን ነካው። ቫን ጎህ ደብዳቤውን መልሶ ላከለት፤ ከ1880 ጀምሮ የቆየውም ወዳጅነት ከዚያ በኋላ አልጠናም። ራፓርድ የፈረደው በቅጂው ነው፤ ዋናውን የዘይት ሥዕል አላየም ነበር። ዛሬም በስልክ በተላከ ፎቶግራፍ የምንፈርድ ሰዎች ከዚህ እንማር፤ የሥዕሉን ስፋት፣ የቀለሙን ውፍረትና ወዙን ስልክ አያሳይምና።

ስለዚህ አስተያየት የምትጠይቅ ወንድሜ፣ «ያምራል ወይ?» ብለህ አትጠይቅ፤ ይህ ምስጋና መለመን ነው። «ዓይንህ መጀመሪያ የት ዐረፈ? ብርሃኑ ከየት ይመጣል? እጇ ጀበናውን ይዟል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ሥዕልህን በክፈፍ ከገባ በኋላ ሳይሆን ለመታረም በሚችልበት ጊዜ አሳይ። ሲነግሩህም ዝም ብለህ ስማ፤ ሥዕሉ ሌላ ቤት ተሰቅሎ ሳለ አጠገቡ ቆመህ ልትከራከርለት አትችልምና። የሰማኸውን ሁሉ ግን አትፈጽም። አንድ ሰው ቢነቅፍ መርምር፤ ሦስት ሰዎች በአንድ ቦታ ላይ ቢያመነቱ፣ የሚሰጡህ መድኃኒት የተለያየ ቢሆንም፣ በሽታው እዚያ እንዳለ ዕወቅ። ጥርጣሬ ቢይዝህ ሥዕሉን በመስታወት ተመልከተው፤ የለመድኸው ስሕተት እንደ እንግዳ ሆኖ ይታይሃል።

አስተያየት የምትሰጥም እኅቴ፣ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ሥዕሉ ተናገሪ። «አትችልም» ማለት ሂስ አይደለም። «ከአንገቱ በታች ያለው ጥላ ከብርሃኑ ጋር አይስማማም» ማለት ግን ሂስ ነው፤ ቦታው ይታወቃል፣ ምክንያቱም ይታወቃልና። መልካሙንም በስሙ ጥሪው፤ የነጠላው እጥፋት ካማረ የነጠላው እጥፋት አማረ በይ። የማታውቂውንም «አላውቅም» ማለት አያሳፍርሽም።

የተሰነጠቀው ሥዕል ዛሬም ግድግዳዬ ላይ ነው። ጓደኞቼም እሑድ እሑድ ይመጣሉ፤ ነገር ግን አንድ ሕግ አውጥተናል። እያንዳንዱ ሰው በሥዕሉ ላይ ያየውን አንድ ጐደሎ ሳይናገር ቡና አይቀዳም። መጀመሪያ ላይ ቡናው ብዙ ጊዜ በረደብን። አሁን ግን እየተቈጣንም ቢሆን ትኵሱን እንጠጣለን።