ትዝታውን አታቋርጡት

ደብረ ማርቆስ ላይ አዝማሪ ባለበት ቤት ያመሸ ሰው ያውቃታል። ማሲንቆው ወደ ትዝታ ሲያዘነብል አንዱ ከጥግ ይነሳና «ኧረ ሞቅ አድርገው!» ይላል። አዝማሪው ምን ያድርግ? ሽልማቱ እንዳይቀርበት ወደ እስክስታው ይዞራል። ይህችኑ ጩኸት አሁን በጽሑፍ የሚደግሙም አሉ። የሚያስለቅስ ዘፈን ሕዝብን ያልፈሰፍሳል፣ ጊዜው የቀረርቶ ነው ይሉናል።

ውሸት ነው።

ጃፓናዊው ኪዩ ሳካሞቶ እ.ኤ.አ. በ1961 የዘፈነው እንባው እንዳይወርድ ቀና ብሎ ስለሚሄድ ብቸኛ ሰው ነው። ገጣሚው ሮኩሱኬ ኤይ ግን ግጥሙን የጻፈው ከአሜሪካ ጋር የተፈረመውን የጸጥታ ውል የተቃወመው የ1960ው ሰልፍ ባለመሳካቱ ተቆጭቶ ነው። በ1963 ዘፈኑ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። የምዕራብ ሸክላ ሻጮች ምን ብለው ሰየሙት? «ሱኪያኪ»፣ የሥጋ ምግብ ስም! አንድን ትዝታ «ቅቅል» ብሎ እንደመሸጥ ነው። እንባውን ወስደው ምክንያቱን ጣሉት።

ኤንካ የሚባሉት የጃፓን የሐዘን ዘፈኖች ብዙዎቹ የሚሄዱባቸው አምስት ድምፆች የኛው የትዝታ ቅኝት ድምፆች ናቸው። የኛ ሰው ቃሉ ሳይገባው ሆዱ ቢባባ አይገርምም።

ወደ ጎጃም ልመለስ። ቀረርቶ ስለ ገዳይ ነው፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳልደረሰለት የምትናገረው ሙሾ አውራጇ ናት። ስንቱ ቤት ድንኳን ጥሎ በከረመበት አገር «አታልቅሱ» የሚል ምክር የሚጠቅመው ማንን ነው?

አዝማሪውን የምትሸልሙ ከሆነ ትዝታውን ከጨረሰ በኋላ ሸልሙት።