ገበሬውን ትታችሁ ቧንቧውን ፈትሹ

የካፋ የታጠበ ቡና ቅምሻ ላይ ኮምጥጦ ወይም ሸትቶ ሲገኝ ጥፋተኛው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ገበሬው። ጥሬውን ከቀዩ ቀላቅሎ ለቀመ፣ እሸቱን አሳድሮ አመጣ ይባላል። ቦንጋ ላይ ስለ ጥራት ወሬ በተነሳ ቁጥር የምሰማው ይህንኑ ነው። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። «ለመሆኑ የቡና ማጠቢያ ጣቢያው ቧንቧ ውስጡ መቼ ተፋቀ?» የሚል ግን አላጋጠመኝም።

ቀይ እሸት በመፈልፈያው ተላጦ ሲወጣ ፍሬውን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ስኳርና ፔክቲን የሞላበት ነው። ከውሃው ጋር በቧንቧና በቦይ ይወርዳል። ባክቴሪያና እርሾ ግድግዳው ላይ ይጣበቁና የራሳቸውን ሙጫ እያመነጩ በዚያው ውስጥ ይራባሉ፤ ባዮፊልም የሚባለው ይህ ነው። የቧንቧውን ክዳን ከፍቶ ጣቱን የከተተ ሰው ያውቀዋል፤ ያሙለጨልጫል፣ ሽታው ይኮመጥጣል። መታጠፊያው ላይ ደግሞ ከትናንት የቀሩ ፍሬዎች ተለጥፈዋል። ዛሬ ማታ የሚፈለፈለው ቡና እነሱን እየጠራረገ ገንዳ ይገባል። አንድ የሸተተ ፍሬ ደግሞ አንድ ስኒ ለማበላሸት ይበቃል።

«በየቀኑ ውሃ እንለቅበታለን» የሚለው መልስ አያሳምንም። ውሃ የሚፈጥነው በቧንቧው መሃል ነው፤ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ከምንም አይቆጠርም። ጥርስን በመጉመጥመጥ ብቻ ያጸዳ የለም፣ መፋቂያ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ክሎሪን መድፋትም መፍትሔ አይደለም። ክሎሪኑ የሙጫውን የላይኛውን ክፍል ሲያገኝ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል፤ ከሥር ያሉት ተርፈው በቀናት ውስጥ ይመለሳሉ። በደንብ ካልታጠበ ደግሞ የተረፈው ክሎሪን ራሱ ቡናው ላይ የመድኃኒት ጣዕም ሊጥል ይችላል።

በምርት ገበያ የታጠበ ቡና ደረጃ አሰጣጥ ከ100 ነጥብ 60ው የቅምሻ ነው። ደረጃው ሲወርድ ጣቢያውን የያዘው የገበሬዎች ማኅበር ትርፍ ይቀንሳል፤ አባሉም የሚደርሰው ክፍፍል ያንሳል። ቀዩን ብቻ መርጦ በዚያው ቀን ያስረከበ ሰው፣ ሌላው ላልፈተሸው ቧንቧ እየከፈለ ነው ማለት ነው። ይህ ግፍ ነው።

ቁጥጥሩ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። መስመሩ ላይ በቀላሉ የሚፈታ አጭር የቧንቧ ቁራጭ ይገጠም፤ በየሳምንቱ ተፈትቶ ውስጡ ይዳሰስ፣ ይሽተት፣ ይመዝገብ። ማታ ሥራ ሲያበቃ መስመሩ ተንጠፍጥፎ በረጅም ብሩሽ ይፈተግ፤ ውሃ የሚያቁሩት መታጠፊያዎች ተዳፋት ተሰጥቷቸው ይስተካከሉ። ኮስቲክ ሶዳ ሙጫውን ያሟሟል፤ ግን እጣቢው ወደ ጅረት ይለቀቅ የሚል ካለ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ብዙ የካፋ ጅረት በጎጀብ ወንዝ በኩል ኦሞ ይገባልና። ተቆጣጣሪዎችም ከመስከረም ጀምሮ እሸት መረከቢያው ላይ ቆመው ጆንያ ከሚበረብሩ፣ ጣቢያው ሥራ ሳይጀምር የቧንቧውን ክዳን አስከፍተው ይዩ። ሲነካ የሚያሙለጨልጭ ቧንቧ ያለው ጣቢያ እስኪያጸዳ ድረስ አንድ ኪሎ እሸት እንኳ እንዳይረከብ ይታገድ።