የጀልባ ሶላር እንደ ቤት ጣሪያ አይታሰርም

ጣና ላይ ሰው የሚያመላልሱ ጀልባዎች ሁሉ ጣሪያቸው ላይ ሶላር ቢኖራቸው ደስ ይለኛል። ለመብራት፣ ለስልክ ቻርጅ፣ ከሁሉም በላይ ሰርጎ የገባውን ውሃ ለሚያወጣው ፓምፕ።

ግን አሰቃቀሉ ላይ ክርክር አለኝ። "እንደ ቤቱ ወደ ደቡብ አዘንብለህ እሰረው" የሚሉ ብዙ ናቸው። ቤት እኮ አይዞርም! ጀልባ ወደ ዘጌ ሲሄድ ፀሐይ ያገኘው ጎን ሲመለስ ያጣዋል። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ እንኳን አትርቅም፤ ፓነሉ ጠፍጣፋ ቢተኛ የምናጣው ትንሽ ነው። ንፋስ ሲነሳ ግን ያዘነበለ ፓነል ሸራ ይሆናል።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ክብደት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሚዛን ይደክማል። አንድ ትልቅ ፓነል 20 ኪሎ ገደማ ነው። አራት ከሰቀላችሁ አንድ ጎልማሳ ጣሪያ ላይ አስቀመጣችሁ ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ ጣሪያ ላይ ሻንጣም ሰውም አይጨመር። ከስሩ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተውለት፣ ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል። የባንዲራው እንጨትም ጥላ እንዳይጥልበት ወደ ዳር ይሂድ (ጥግ ላይ ያረፈች ጥላ ስንቱን እንደምታስቀር ብታዩ!)።

"ሞተሩንስ ለምን በሶላር አናደርገውም?" ለምትሉኝ፦ ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ፓምፑ ይስራ።