ሙቀትን የሚጠብቅ ቤት

ብርድ በጸናበት አገር ቤቱን ሳያበጁ ማገዶ ማብዛት፣ በተነደለ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. በካናዳ አገር በሬጃይና ከተማ ሊቃውንት ግድግዳው የወፈረ፣ ነፋስ የማያስገባ፣ በሚወጣው አየር ሙቀት የሚገባውን አየር የሚያሞቅ ቤት ሠርተው ለሕዝብ አሳዩ። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ፋይስትም ከዚህ ተምሮ፣ በ1991 ዓ.ም. በዳርምሽታት አራት ተያያዥ ቤቶች ተሠርተው እንዲፈጸሙ አደረገ።

እነዚህ ሰዎች የሚመሰገኑት ስለ ዕውቀታቸው ብቻ አይደለም፤ በቃል ያስተማሩትን በሥራ ስለ ገለጡ ነው እንጂ። ቤት ግን አንድ ጊዜ ከቆመ ብዙ ዘመን ይኖራልና፣ በችኰላ የተሠራው ለልጅ ልጅ የማገዶ ዕዳ ያወርሳል። ስለዚህ በብርድ አገር የሥራ ፈቃድ የሚሰጡ ሹማምንት ሕጉን ከመሠረቱ ያጽኑ፤ ጥበቡ ከተገለጠ በኋላ ድኻ በብርድ ቢጨነቅ የሚያመካኙበት የላቸውምና።