የመድን ደብተሩ አለ፤ መድኃኒቱስ?

የጤና መድን መዋጮ መሰብሰቢያ ወቅት ሲደርስ በየቀበሌው አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ዓመቱን ሙሉ ሳልታመም ከረምኩ፤ ብሬስ?» ይህንኑ የሚጠይቅ ሰው ሃያ ዓመት እድር ሲከፍል «ከቤቴ ሰው አልሞተምና ገንዘቤን መልሱ» ብሎ አያውቅም።

እድርተኛው መሠረት አለው። ሐዘን በገባ ቀን ድንኳኑ እንደሚተከል፣ ወንበሩና ድስቱ እንደሚመጣ በዓይኑ አይቷል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ያየው ሌላ ነው። ካርድ በነጻ ይወጣል፣ ሐኪም ያያል፣ ማዘዣ ይጻፋል፤ ከዚያ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ «ይሄ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። የስኳር መድኃኒት በየወሩ ከኪሱ እየገዛ መዋጮውን በደስታ እንዲያድስ የሚጠበቅበት ምክንያት ግልጽ አይደለም።

መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የተያዘው ሐሳብ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። «እናቴን ብቻ ልመዝግብ» የሚለው ብዙ ነው። ሕመምተኛ ብቻ ከተመዘገበ ግን ፈንዱ በጥቂት ወራት ይራቆታል፤ ቤተሰቡ በሙሉ እንዲገባ የሚደረገው ለዚህ ነው። መክፈል ለማይችሉት ድሆች መንግሥት ይከፍላል። ይህንንም ማፍረስ የሚፈልግ ያለ አይመስልም።

የሚያፈርሰው መደርደሪያው ነው። ጤና ጣቢያው ለአባላት የሰጠውን አገልግሎት ሒሳብ የሚያገኘው ከመድን ፈንዱ ነው። ክፍያው ሲዘገይ መድኃኒት መግዣ ያጥረዋል፣ መድኃኒት ሲጠፋ አባሉ ያኮርፋል፣ ሲያኮርፍ አያድስም፣ ፈንዱም ይበልጥ ይሳሳል። ይህ ሁሉ እያለ በስብሰባ ላይ የሚነገረው ምክንያት «የግንዛቤ እጥረት» ነው! ገበሬው ግን የተገነዘበው መስኮቱ ላይ ነው።

ይህ ማለት አይከፈል ማለት አይደለም። ነፍሰ ጡር ወይም አረጋዊ ያለበት ቤት አንድ ቀዶ ሕክምና በሬ ሊያሸጠው ይችላል። ከመክፈሉ በፊት ግን ይጠይቅ። ወረዳው ውል ያለው ከየትኞቹ ሆስፒታሎች ጋር ነው? መድኃኒት ከውጭ ሲገዛ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ፣ በምን ዓይነት ደረሰኝ? ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ መድኑ ወጪውን ሙሉ በሙሉ ላይሸፍንለት እንደሚችል፣ መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስም እንደማይካተቱ አስቀድሞ ይወቅ።

ወረዳዎች ስንት አባወራ እንዳስመዘገቡ በየጊዜው ሪፖርት ያደርጋሉ። ለአባላት ከታዘዘው መድኃኒት ስንቱ እዚያው እንደተገኘም በየወሩ ጤና ጣቢያው በር ላይ ይለጥፉ። ማዘዣዎቹ በእጃቸው ናቸው፤ ቆጠራው አንድ ጸሐፊና ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው።